እስከ ገደፉ የሞላሁት ክር

ለአባዬ፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን እንደምን አለህ ብዬ ብጠይቅ መልሱን ማን ያመጣልኛል? ስለዚህ የእኛን ልንገርህ። ደህና ነን፤ ማለት እንበላለን፣ እንተኛለን፣ ሥራ እንገባለን። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ አሥራ አንድ ቀን ቀርቶታል። እማዬ ለሙት ዓመትህ ጌሾ እያስወቀጠች ነው፤ ዘመድ ተጠርቷል፣ ድንኳን ተነግሯል። እኔ ደግሞ ከዚያ ቀን በፊት ልነግርህ የሚገባኝ ነገር አለ። በሕይወት ሳለህ ዘጠኝ ወር ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም ልነግርህ እችል ነበር፤ አልነገርኩህም። ጥር ላይ አባያ ዳር ክሩ የተተበተበብህ ቀን ጥፋቱ የጣትህ አልነበረም። የእኔ ነበር።

ይኸው ተናገርኩት። ያኔ አፌን ምን እንደያዘው ግን ቀስ ብዬ ልንገርህ እንጂ በአንድ ትንፋሽ አልችለውም።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ። የሰዓት መጠገኛ ሱቅህን ሞባይል ጠጋኝ ተከራይቷታል። ደህና ልጅ ነው፤ ወንበርህን አልጣላትም፣ ትራስ አድርጎባት ይቀመጥባታል። ሰው አሁንም አንተን ብሎ ይመጣል። ባለፈው አንዲት ሴት የሟች ባሏን ሰዓት በመሐረብ ቋጥራ ከዱቦ ድረስ መጣችና በራችንን አንኳኳች። አንተም እንዳረፍክ እማዬ ስትነግራት ሁለቱ እዚያው ደጃፍ ላይ ተላቀሱ፤ ከዚያ ቦይና፣ ያው ጎደሬውን፣ ቀቅላ አበላቻት። ሴትዮዋ ሰዓቷን እንደያዘች ተመለሰች። ወንድሜ ታደለ ሐዋሳ ነው፤ ሁለተኛ ልጅ ወልዷል። ባንተ ስም ሊጠራው ዝቶ ነበር፤ ሴት ሆነችበት። አዲስ ዓመታችን ጊፋታም አለፈ። የዓሣ ባልንጀራህ ጋሽ አንጁሎ እንደ ልማዱ ሥጋውን ላከልን፤ የሚያቃጥለውን ዳጣ ግን ያለ አንተ የሚችለው ስለሌለ እስካሁን ከነዕቃው ተቀምጧል።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንተ የምታውቀውን ብደግምልህ ቅር አይበልህ፤ ይህን ደብዳቤ ለሰው ላነበው አስቤያለሁ፣ የሚሰማው ሰው ግራ እንዳይገባው ከሥሩ ልጀምር።

የዓሣ ማጥመጃ ዘንግህንና ማሽኑን የሰጠህ ለመንገድ ሥራ መጥቶ የነበረ ፈረንጅ ነው። ሞቶ የነበረ ሰዓቱን ነፍስ ዘርተህ ብትመልስለት፣ አገሩ ሲገባ ትቶልህ ሄደ። ማሽን የምንለው ዘንጉ ላይ የሚታሰረውን ክር መጠቅለያ ነው። ውስጡ የሚሽከረከር ማጠንጠኛ አለ፤ ስትወረውር እሱ ይዞርና ክሩን ይለቃል። ክፋቱ መንጠቆው ውኃ ላይ ካረፈም በኋላ መዞሩን አለማቆሙ ነው። የሚያቆመው የሰው አውራ ጣት ነው። ጣት ትንሽ ከዘገየ ክሩ ከራሱ በላይ ይቆለልና ውሉ ይጠፋል። አንተ ማሽኑን በመጣበት ሳምንት ፈታተህ፣ ያቺን የሰዓት ማጉያህን ዓይንህ ላይ ሰክተህ ጥርሱን አንድ በአንድ አየህና፣ ይኼማ ሰዓት ነው፣ ጊዜ አለመቁጠሩ ብቻ ነው ልዩነቱ አልክ።

ክሩ ደግሞ ፍሎሮካርቦን የሚሉት ነው፤ አንተ አሳጥረህ ፍሎሮ አልከው። ውኃ ውስጥ አይታይም ይባልለታል። ጋሽ አንጁሎ ይህን ሲሰማ የሳቀውን ሳቅ ታስታውሳለህ? ዓመት እስከ ዓመት ቀይ በሆነው በአባያ ውኃ፣ ዓሣው የራሱን ጭራ በማያይበት፣ ያንተን ክር ማን ሊያየው ነው አለህ። አንተም ሳቅህና፣ ለዓሣው ዓይን ብዬ ሳይሆን ለገዛ ጣቴ ብዬ ነው አልከው። ፍሎሮ እንደ ናይለን አይለጠጥም፣ አይንሳፈፍም፤ ቀጥ ብሎ ይሰምጥና ነጩ ዓሣ ገና በከንፈሩ ሲነካው ጣትህ ላይ ይነግርሃል። ከዚያ ወዲያ ጋሽ አንጁሎም መረቡን ትቶ ያንተ ተማሪ ሆነ። አንድ ማሽን ለሁለት፣ ተራ በተራ፣ አንዳችሁ በወረወራችሁ ቁጥር ሌላችሁ ስትተቹ፣ ስንት ቅዳሜ አሳለፋችሁ።

የፍሎሮ ጸባይ ግን ክፉ ነው። ደረቅ ነው፣ ተጠቅልሎ የኖረበትን አይረሳም፤ ስትለቀው ዘሎ ይወጣል። አሥር ዓመት ሳይሞላኝ ግቢው ውስጥ ከሳፋው አጠገብ አስቀምጠህ አስተማርከኝ። ያንሸራትታልና ከሥሩ ጥቂት ዙር ናይለን ይቅደም። አርብ ዕለት ማጠንጠኛውን ለብ ባለ ውኃ ነክሮ ማሳደር ነው፣ እንዲለሰልስ። ጠዋት ጫፉን ከዛፉ አስሮ እየሳቡ መዘርጋት። ቋጠሮ በደረቁ ከተሳበ ክሩ ይቃጠላል፣ በምራቅ መራስ አለበት። ከሁሉ በላይ አጥብቀህ የነገርከኝ ግን መጠኑን ነበር፤ ከማጠንጠኛው ገደፍ፣ ማለት ከጠርዙ በታች የሁለት ክብሪት እንጨት ውፍረት ይጉደል። ክርም እንደ ሰው ነው፣ ሲጠግብ ይዘላል አልከኝ። ሁለቱን እንጨት ደርበህ ገደፉ ላይ እየለካህ ስታሳየኝ አሁንም ይታየኛል።

እንግዲህ አላውቅም ነበር አልልህም። አውቅ ነበር።

ከዚያ ያቺ ሰኔ መጣች። አባያ ዳር ቆመህ አፍህ ተጣመመ፣ ቀኝ እጅህ ዘንጉን ለቀቀው። ጋሽ አንጁሎ በጋቢ ከጀርባው ጋር አስሮህ በሞተር ሳይክሉ ሁምቦ ድረስ አመጣህ፤ ከዚያ በመኪና ወደ ሶዶ። ስትሮክ ነው አሉን። እማዬ ሆስፒታሉ ደጃፍ ላይ እጄን ይዛ፣ ሁለተኛ እዚያ ሐይቅ እንዳይሄድ አንቺ ከልክይልኝ፣ እኔን አይሰማኝም ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኳት።

ክረምቱን ሙሉ የላስቲክ ኳስ ስትጨብጥ ከረምክ። ታኅሣሥ ላይ ሱቅህን ከፈትክ። የሴት ሰዓት ብሎን፣ ያቺን ከጤፍ የማትበልጥ፣ ራስህ አስገብተህ ያጠበቅክ ቀን ብስኩት ገዝተህ ገባህ፤ ምን ተገኘ ስንልህ ዝም ብለህ ሳቅህ። ግን እጅህን እንደ ድሮው አታምነውም ነበር። አንድ ነገር ከወደቀብህ ፊትህ ይጠቁራል፣ ደግመህ አታነሳውም። እጅህ ድኗል፤ ልብህ ነበር ገና ያልዳነው። ይህን እኔ አይቻለሁ፣ ስለዚህ ኋላ ላደረግሁት ማመካኛ የለኝም።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ አንዲት ቅዳሜ ብቻ ብለህ ለመንከን። እማዬ አኮረፈች። እኔም ስከራከርህ ሰነበትኩና ዓይንህን ሳይ አቃተኝ። ታደለ አዲስ ፍሎሮ ልኮልን ስለነበር፣ አርብ ከሰዓት ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ማሽኑን አውጥቼ ሞልቼ ልጠብቅህ ብዬ አሰብኩ። ደስ እንዲልህ ነበር። ውኃውን አላሞቅሁም፣ ናይለኑንም አላስቀደምኩም፤ ሳትመጣ ልጨርስ ቸኮልኩ። ሁለት ክብሪት እንጨት የሚጎድልበት ቦታ ላይ ስደርስ ደግሞ ቆም አልኩ። እኛ ቤት ለሚወዱት ሰው አጉድሎ መቅዳት እንዴት ነውር እንደሆነ ታውቃለህ። ያልሞላ ብርጭቆ ተነሥና ሂድ ማለት ነው ትላለች እማዬ፤ ለእንግዳ ስትቀዳ ጠረጴዛው ካልራሰ የቀዳች አይመስላትም። እኔም እሷው ነኝ ያሳደገችኝ። የቀረችውን ክር ቆርጬ መጣል አሳዘነኝ፤ አባዬ ዘንድሮ ሩቅ ይወርውር አልኩና እስከ ገደፉ ጠቀለልኩት።

በማግሥቱ ሚኒባሱ ውስጥ ለጋሽ አንጁሎ፣ ጽጌ ናት የሞላችው እያልክ ጉልበቱን ስትመታው ነበር። ሌላ ጊዜ ማሽኑን ሳትፈትሽ ወርውረህ አታውቅም። ያን ቀን ግን አላየኸውም። ልጄ የሞላችው ነው ብለህ አመንክ።

የመጀመሪያዋን ወረወርክ። ገና መንጠቆው አየር ላይ እያለ ክሩ ከማጠንጠኛው በአንዴ ተዘርግፎ እንደ ጎፈሬ ቆመ። መንጠቆው ተመልሶ እግራችን ሥር ወደቀ። አንተ ማሽኑን አላየህም። አውራ ጣትህን ፀሐይ ላይ ዘርግተህ አየኸው፤ አጠፍከው፣ ዘረጋኸው፣ እንደገና አየኸው። እኔ ግን ያየሁት ማሽኑን ነው። የሆነውን ወዲያው አወቅሁ።

አፌን ልከፍት ነበር፣ እውነቴን ነው። ከዚያ አንድ ሐሳብ ቀደመኝ። ብነግርህ ትስቅብኛለህ፣ ትርፉን ክር ቆርጠህ እንደገና ትወረውራለህ፤ የሚቀጥለውም ቅዳሜ ይኖራል፣ ከእሱ ወዲያም ሌላ። አንድ ቀን ጋሽ አንጁሎ በጋቢ አስሮ ሬሳህን ያመጣልናል። ዝም ብል ግን ራስህ ትተወዋለህ፣ ማንም ሳይከለክልህ። ይህን ሁሉ ለማሰብ ሦስት እርምጃ እንኳ አልፈጀብኝም። አጠገብህ ደርሼ ትከሻህን ያዝኩና፣ ይብቃህ አባዬ አልኩህ።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጠህ ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ፈታህ። ፍሎሮ አንዴ ከተጣጠፈ እንደማይመለስ አንተው ነህ ያስተማርከን፤ ግን ፈታህ። በመጨረሻ ቢላዋውን እኔ ነኝ ያቀረብኩልህ። ስንመለስ ጋሽ አንጁሎ መንገዱን ሙሉ የሚቀልደውን ሁሉ ቀለደ። አንተ ግን ገና ቤት እንደገባህ ዘንጉን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አስገባኸው። እማዬ ያን ምሽት ተባረኪ ብላ ስማኝ ነበር፤ እንዴት አድርገሽ አስተውሽው አለችኝ።

ሐይቁን ብቻ የምትተው መስሎኝ ነበር፣ አባዬ። ሰኞ ሱቅ ገብተህ ሳይረፍድ ተመለስክ። በዚያው ሳምንት ማጉያህንና ቀጫጭን መፍቻዎችህን ሰብስበህ ቦዲቲ ላለው ሰዓት ሠሪ ወስደህ ሰጠኸው። ክር ማቆም ያቃተው ጣት የሰው ሰዓት አይነካም አልክ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። የመጀመሪያው ዝምታዬ ከፍርሃት ነበር፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ከኀፍረት ነው። በጾሙ መሐል አንድ ቀን ልነግርህ በርህ ላይ ቆሜ ሳለሁ፣ እናትሽ ትጠራሻለች ወይ ስትለኝ አዎ ብዬ ሄድኩ። ለፋሲካ ልነግርህ አስቤ፣ በዓል አላበላሽም አልኩ። ውሸት እኮ አልተናገርኩም እያልኩ ራሴን አጽናናሁ። ይህን ያህል ጠበቃ ለራሴ እንደምሆን አላውቅም ነበር።

አንተ ደጃፍ ላይ እየተቀመጥክ ቀኝ እጅህን ከጋቢው ሥር ትደብቅ ጀመር። ሰው ሊጨብጥህ ሲመጣ ምግብ እየበላ እንደተገኘ ሰው ክንድህን ትሰጠው ነበር። እጅህ እኮ ንጹሕ ነበር። ይህን ባየሁ ቁጥር ወደ ጓዳ እገባ ነበር። ጥቅምት ላይ፣ ረቡዕ ጠዋት፣ ፊትህን እየታጠብክ ሁለተኛው ስትሮክ ወሰደህ። ሐይቅ ዳር አይደለም፤ እቤታችን፣ ከሳፋው አጠገብ ነው የሞትከው። አንተን ለማትረፍ የሰረቅኩህ ነገር አላተረፈህም።

ባለፈው እሑድ ለሙት ዓመቱ ሊመክሩ ዘመዶች ተሰብስበው ሳለ ጋሽ አንጁሎ ያቺን ቅዳሜ አነሣት። ያን ቀን እጁ ስትከዳው፣ ሰውየው እየተሰናበተን እንደሆነ ገባኝ አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ እማዬ ዓይኗን ጠረገች። ለካ ዓመቱን ሙሉ በየለቅሶ ቤቱ የሚያወራው ይህንኑ ነው። ድንኳኑ ውስጥም ያወራዋል፤ የልጅ ልጆችህም አያታችን በመጨረሻ እጁ ከድታው እያሉ ያድጋሉ።

በማግሥቱ ማሽኑን ከቁም ሳጥኑ ኋላ አወጣሁት። ታደለ ከላከው ውስጥ ሌላ ጥቅል ቀርቶ ነበር። ልክ እንደዚያ አርብ፣ በደረቁ፣ ያለ ናይለን፣ እስከ ገደፉ ሞላሁት። ጋሽ አንጁሎን ጠርቼ ከቤታችን ኋላ ያለው ሜዳ ላይ ወሰድኩትና፣ ጫፉ ላይ ለክብደት የሚሆን እርሳስ አስሬ፣ እስቲ ወርውርልኝ አልኩት። ከአንተ ቀጥሎ እንደ እሱ የሚወረውር ሰው በዚህ አገር የለም፤ እጁም እንደ ዝግባ ነው። ወረወረ። ክሩ ተዘርግፎ ቆመ። እሱም አባዬ፣ እሱም መጀመሪያ ያየው አውራ ጣቱን ነው።

ያኔ ነገርኩት። ሣሩ ላይ ቁጭ አለ። ማሽኑን አንሥቶ ገደፉን በጥፍሩ ለካው። «እጁ ደህና ነበረች ማለት ነው?» አለኝ። ደህና ነበረች አልኩት። «ለእኔ መንገር ምን ያደርጋል? ለእሱ ነበር እንጂ» አለና ተነሣ። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ። ሦስት ቀን ደጃችንን አልረገጠም። በአራተኛው መጥቶ ከበሩ ሳይገባ፣ ድንኳኑ ሳይተከል ለእናትሽ ንገሪያት ብሎኝ ተመለሰ።

ትናንት ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር፤ አልጮኸችም። የምትለቅመውን ምስር ትታ፣ እኔ ስለለመንኩሽ ነው ወይ አለችኝ። አይደለም እማዬ፣ አንቺ እንዳይሄድ ከልክይው አልሽኝ እንጂ ዋሺው አላልሽኝም አልኳት። አላመነችኝም መሰለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስትገላበጥ ሰማኋት። የሷንም እንቅልፍ ደግሞ አጠፋሁ።

ይቅርታ ልጠይቅህ ጀመርኩና ተውኩት። ይቅር የሚለው በሌለበት ይቅርታ መጠየቅ ለራስ ማልቀስ ሆነብኝ። ማድረግ የምችለውን ግን አደርጋለሁ። በሙት ዓመትህ ዕለት፣ ቄሶቹ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ሳይበተን፣ ድንኳኑ መሐል ቆሜ ይህን አነባለሁ። ቦዲቲ ወርጄ ለሰዓት ሠሪው እነግረዋለሁ፤ መሣሪያውን ልቀበለው አይደለም፣ በምን ዓይነት እጅ የተያዘ መሣሪያ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። ለታደለ ልጆች እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ፣ አድገው አክስታችን እንዲህ ያለች ናት ይበሉኝ። እጁ ከድታው ነበር የሚል ሰው በሰማሁበት ሁሉ፣ ለቅሶ ቤትም ቢሆን፣ ታላቄም ቢሆን፣ አቋርጠዋለሁ።

ሌላውን ሁሉ ብረሳ፣ ያን ቀን ፀሐይ ላይ ዘርግተህ ያየኸውን አውራ ጣትህን አልረሳም። ደህና ነበር፣ አባዬ። ምንም አልሆነም ነበር።

ልጅህ ጽጌ
ሶዶ